ላይብረሪ ወንበር ብቻ ነው እንዴ?

ለዚህ ዓምድ ለወትሮው የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ መጻሕፍት ናቸው። የትኛውን ላንብብ፣ የጠፋብኝን ከየት ልግዛ፣ ልጄ ስልኩን ጥሎ እንዲያነብ ምን ላድርግ። በዚህ ወር ግን የኮሌጅ ተማሪዎች በረከቱ። አንዷ እንዲያውም ቆጣ ብላ ነው የጻፈችልኝ። ቁጣዋን ስለወደድኩት ሰፊውን ቦታ ለሷ ሰጥቻለሁ። ሌሎቻችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፦ ከ30 ዓመት በላይ በዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ሠርቻለሁ። ግማሹን ዘመን ሰርኩሌሽን ላይ ቆሜ መጽሐፍ ሳውስ፣ ግማሹን ከጓዳ፣ መጽሐፍ በሚመዘገብበት ካታሎግ ክፍል ተቀምጬ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሥራው የቀረኝ አቧራ ባየሁ ቁጥር የሚነሳብኝ ማስነጠስና ይህ ዓምድ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለፈው ወር “የኮሌጅ ላይብረሪ ሀብት ነው፣ ተማሪው ግን አያውቅበትም” ብለው ጽፈው ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝና አልተስማማሁም። እኛ ግቢ ያለው ላይብረሪ ወንበር ነው። ጥሩ ወንበር ነው፣ መብራትም አለው። ግን ሁላችንም የምንገባው የራሳችንን ሃንድአውትና ሞጁል ይዘን ነው። የሚያስፈልገን መጽሐፍ ቴሌግራም ላይ አለ። ሼልፉ ላይ ያሉት ደግሞ እናቴ ሳታገባ የታተሙ ናቸው። እኔ ጂሲ (የዘንድሮ ተመራቂ) ነኝ፣ ኢኮኖሚክስ። አባቴ ሊሙ ላይ ትንሽ ቡና አለው። ዋጋው ለምን አንድ ዓመት ሰማይ ወጥቶ በዓመቱ እንደሚወርድ ሁሌ ይጠይቀኛል። የመመረቂያ ጥናቴን በዚህ ልሥራ ብዬ ላይብረሪ ገባሁ። 633 የሚል ቁጥር ያለበት የቡና ሼልፍ አገኘሁ። ስለ ችግኙ፣ ስለ በሽታው፣ ስለ ጥላ ዛፉ ሞልቷል። ስለ ዋጋው አንድም የለም። ግማሽ ቀኔን አቃጥዬ ወጣሁ። ታዲያ ሀብቱ የቱ ጋ ነው?
የቡና ገበሬ ልጅ

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ስለ ወንበሩ አልከራከርሽም። ወንበርም ሀብት ነው። እኔ በ1975 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ስገባ በአንድ ዶርም ስምንት ሴቶች ነበርን። አንዷ ስትጸልይ ሌላዋ ፀጉር ትሠራለች። ሦስተኛዋ ፍቅረኛዋ የላከላትን ደብዳቤ ጮክ ብላ ታነብልናለች፤ እሱ ምስኪን ለሷ ብቻ የጻፈ መስሎታል። ኬኔዲ ላይብረሪ ለኔ ጸጥታ ያለበት ቤት ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሩን ተጠቀምኩ። ላይብረሪውን ግን አልነካሁትም። ስለዚህ ብቆጣሽም የምቆጣው አንቺን ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ቡናሽ። የሄድሽበት ሼልፍ ልክ ነው፣ ያንቺ ግን አይደለም። ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው አመዳደብ አለ፤ የእናንተ ግቢ የሚጠቀመው እሱን መሆኑን 633 ካልሽው አወቅኩ። እውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ባለው ቁጥር ይመድባል። የሚመድበው ግን በዕቃው ሳይሆን በሙያው ነው። ስለዚህ ቡና አንድ ቦታ አይቀመጥም። ቡና የሚተክል ሰው 633.73 ይሄዳል። ፋብሪካ ውስጥ የሚቆላና የሚያሽግ 663.93። ምግብና መጠጥ የሚያዘጋጅ 641። ዋጋው ለምን ወረደ ብሎ የሚጠይቅ፣ ማለትም አንቺ፣ ቦታሽ 338.17373 ነው። ወደ ውጭ ስለ መላኩ ከሆነ ደግሞ 382። በብዙ ላይብረሪ 300ዎቹና 600ዎቹ አንድ ፎቅ ላይ እንኳ አይደሉም። አንቺ የገበሬውን በር አንኳኩተሽ “ነጋዴው የለም” ብለሽ ነው የተመለስሽው።

ቁጥሩን በቃልሽ ያዢ እያልኩሽ አይደለም። እኔም የያዝኩት ስለ ቡና የተጻፉ መጻሕፍት ላይ ቁጥር ስለጥፍ ስለኖርኩ ነው። ግን 338 ጋ ስትደርሺ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያገኘሽውን አንድ መጽሐፍ ነጥቀሽ አትሩጪ። ግራና ቀኙን እዪ። የቡናው ጎረቤት ሻይ ነው፣ ካካዎ ነው። የጋና ካካዎ ገበሬ ዋጋ ሲወድቅበት ምን እንዳደረገ የሚያትት መጽሐፍ ከቡናው ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው። ቴሌግራም ላይ የጻፍሽውን ስም ብቻ ነው የምታገኚው። ጎረቤቱን አያሳይሽም።

ካታሎጉን በኮምፒውተር ፈልገሽ ካጣሽም ቶሎ “የለም” አትበይ። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው። የአማርኛ መጽሐፍ ስትፈልጉ ፊደሉን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ኀይሌ ለኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ሊሆን ይችላል። ፀሐይም እንደዚያው፣ ዓለምም እንደዚያው። ካታሎግ ክፍል ሳለሁ ከባልደረባዬ ጋር በ“ሠ” እና በ“ሰ” ሳምንት ሙሉ የተኮራረፍንበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ያስቀኛል።

ስምም አለ። እኛ ኢትዮጵያዊ ደራሲን የምንመዘግበው በራሱ ስም ነው፤ የአባት ስም ይከተላል። የውጭው ዳታቤዝ ግን ብዙ ጊዜ የአባቱን ስም ፊት ያስቀድማል። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የፈረንጅ ጋዜጦች “ቢቂላ” እያሉ ጻፉ። ቢቂላ አባቱ ናቸው። የሮጠው አበበ ነው። እና በአበበ ካጣሽ በቢቂላም ሞክሪ። ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል። ሽፋኑ ላይ 1982 ዓ.ም. የሚል መጽሐፍ በፈረንጆቹ 1989 ወይም 1990 ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ይህን ሳያውቅ “ዓመቱ አይገጥምም፣ ሌላ መጽሐፍ ነው” ብሎ የተመለሰ ስንት ተማሪ አይቻለሁ።

ስለ አሮጌነቱ ያልሽውን ላስተባብል አልፈልግም። መጽሐፍ ሳይገዙ ዓመታት ያለፋቸው ላይብረሪዎች አሉ። የመድኃኒት መጠን ወይም ኮምፒውተር የሚያጠና ልጅ የ30 ዓመት መጽሐፍ ይዞ እንዲቀመጥ አልመክርም፤ የመጀመሪያው እንዲያውም ሰው ይገድላል። ያንቺ ጉዳይ ግን ይለያል። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ለየአገሩ ኮታ እየሰጠ ዋጋውን ይደግፍ ነበር። በዚያ ዓመት ኮታው ፈረሰ፣ ዋጋውም አብሮ ወደቀ። እኛ ጋ ያኔ በገበያው ላይ ትልቁ እጅ የመንግሥት የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ነበር። ቀጥሎ ደርግ ወደቀ፣ ገበያው ለግል ነጋዴ ተከፈተ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። አባትሽ የሚጠይቁሽ ጥያቄ ይህን ሁሉ ዘመን ተሻግሮ የመጣ ነው። ያ “እናቴ ሳታገባ የታተመ” ያልሽው መጽሐፍ ኮታው ሲፈርስ ዓይኑ እያየ የነበረ ሰው የጻፈው ሊሆን ይችላል። አዲሱ መጽሐፍ ያን ጊዜ በሁለት መስመር ነው የሚያልፈው።

አሁን የኔን ታሪክ ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ታሪክ ነበር የማጠናው። የተወለድኩት የጁቤ ነው፣ ጎጃም። እዚያው አካባቢ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ባሪያም ጭምር፣ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ። በሱ ላይ ልጽፍ አሰብኩ። ግን ምን ይዤ? ላይብረሪ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ሦስት ቀን አሳለፍኩ። ሰርኩሌሽን ላይ ሁሌ ካኪ ጋዋን የሚለብሱ፣ መታወቂያ ተቀብለው እዚያው የሚነበበውን የሪዘርቭ መጽሐፍ የሚሰጡ ቀጠን ያሉ ሰውዬ ነበሩ። የመጀመሪያውን ቀን “ምን ፈልገሽ ነው?” አሉኝ። “ምንም” አልኩ። በማግስቱም “ምንም።” ኩራት ይሁን እፍረት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በሦስተኛው ቀን “ምንምን ሦስት ቀን ይፈልጉታል እንዴ?” ብለው ሳቁብኝ። ነገርኳቸው።

“የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሄደሻል?” አሉ። አልሄድኩም። በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ፣ ገብቼ አላውቅም። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤቱ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ነበር ችግሬ። ንጉሥ የኖሩበት ቤት ለኔ ዓይነቷ የየጁቤ ልጅ የተፈቀደ አልመሰለኝም። የዶርም መታወቂያዬን ይዤ ደረጃውን ስወጣ አንድ ሰው “ወዴት ነው?” እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነበር። ማንም አላለኝም።

እዚያ በታይፕ የተመታ፣ ጠርዙ የተበላ የመመረቂያ ጽሑፍ አወጡልኝ። ከኔ ዓመታት ቀድሞ የተመረቀ ተማሪ ስለ እኛው አካባቢ የሠራው። የታሪክ ክፍል ጽሑፎች መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አላቸው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን። ጣቴን እያስኬድኩ ወደ ታች ስወርድ አያቴን አገኘኋቸው። የእናቴን አባት። ዕድሜ 71፣ የጁቤ።

ያኔ ከሞቱ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። ወደ ፊተኛው ገጽ ተመለስኩና በግርጌ ማስታወሻው እየተከተልኩ እሳቸው የተናገሩትን ለቀምኩ። ስለ ቀረጥ በር። በአሞሌ ጨው ስለ መገበያየት፣ አሞሌው ዝናብ እንዳይነካው እንዴት ይሸፈን እንደነበር። እሳቸውም ከአባታቸው የሰሙት ነው። እኔ ጭናቸው ላይ ተቀምጬ ያደግኩት ልጅ አንድ ቀን እንኳ ስለ ገበያ ጠይቄያቸው አላውቅም። የማላውቀው ተማሪ ግን ከአዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ጠይቋቸዋል። የዚያን ዕለት መታወቂያዬን ሳልቀበል ነው የወጣሁት። በማግስቱ ተመልሼ ወሰድኩ።

ለዚህ ነው “ሀብቱ የቱ ጋ ነው” ስትይኝ መጀመሪያ የማሳይሽ የቴሲስ፣ የመመረቂያ ጽሑፎቹን፣ ሼልፍ የሆነው። ያ ጽሑፍ አልታተመም። የትም ሱቅ አይሸጥም። ሊሙ ላይ ከአንቺ በፊት ገበሬ የጠየቀ ተማሪ መኖሩን አጣሪ። ኖሮ ከሆነ ያኔ የነበረውን ዋጋ በብርና በሳንቲም ጽፎልሽ ይሆናል። ቴሲስ ስታነቢ ደግሞ ከመግቢያው አትጀምሪ፤ መግቢያው ሁሌ አንድ ነው። ከኋላ ጀምሪ። መጠይቁ አባሪ ሆኖ አለ፣ የተጠቀመባቸው ጽሑፎች ዝርዝር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴሲሶቹን በኢንተርኔት አስቀምጧል። የየዩኒቨርሲቲውን ጥናት የሚያሰባስብ ናድሬ የሚባል አገር አቀፍ ማከማቻም አለ። አንዳንዴ አይከፍትም፣ ማታ ሞክሪው።

የጋዜጣ ጥራዝም አትርሺ። አዲስ ዘመን የወጣው ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የድሮውን ጥራዝ ያስቀመጠ ላይብረሪ ካገኘሽ የ1981ንና የ1982ን አስወርጂ። ከባድ ነው፣ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ነጭ ልብስም አትልበሺ።

እና አንድ የተደበቀ ነገር አለ፤ ማንም ደብቆት አይደለም፣ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ሂናሪ ብሎ ለጤና ጀመረው። በዓመቱ የምግብና እርሻ ድርጅት አጎራ ብሎ ለግብርና ቀጠለ። በሺህ የሚቆጠሩ፣ ለአንድ ጽሑፍ 30 እና 40 ዶላር የሚጠይቁ መጽሔቶችን እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በነጻ ይከፍታል። ስለ ቡና ኢኮኖሚም አጎራ ውስጥ ታገኛለሽ። የሚገባው ግን በተቋሙ ስምና የይለፍ ቃል ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው ላይብረሪው ጋ ነው። ዲጂታል ላይብረሪ ክፍል ሂጂና “አጎራ አለን?” በይ። ተቋማችሁ ካልተመዘገበም ጥያቄሽ እንዲመዘገብ ያደርግ ይሆናል። እኔ እሠራበት በነበረው ቦታ የይለፍ ቃሉ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች ብቻ ጠይቀውኛል። ሦስቱንም አስታውሳቸዋለሁ።

ቴሌግራሙን ተይው አልልሽም፤ እኔም የልጅ ልጆቼ ጭነውልኝ እጠቀማለሁ። ግን ፊተኛው ገጽ የተቆረጠ፣ ማን እንደጻፈውና መቼ እንደታተመ የማይታወቅ ፒዲኤፍ አማካሪሽ ፊት ስታቀርቢ ሪፈረንሱ ላይ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ? ሼልፉ ላይ ያለው ኮፒ ሌላው ቢቀር ለዚህ ይሆንሻል።

ሰኞ ጠዋት ሂጂ። ዓርብ ከሰዓት ሁሉም ሰው ልቡ ቤቱ ነው። ስትጠይቂ “ስለ ቡና መጽሐፍ አለ?” አትበይ። አዎ ይሉሽና ተመልሰሽ 633 ነሽ። “ለገበሬው የሚከፈለው የቡና ዋጋ ለምን ይዋዥቃል” ብለሽ ሙሉውን ተናገሪ። ስለ አባትሽም ንገሪያቸው። የሚያኮርፍ ሠራተኛ ይገጥምሽ ይሆናል። እኔም ያኮረፍኩበት ጊዜ ነበር፣ በተለይ የፈተና ሰሞን። ሌላዋን ጠይቂ። ወይ ደግሞ ካታሎግ ክፍሉን አንኳኪ፤ እዚያ ያለ ሰው የሚያናግረው አጥቶ ነው የሚውለው። ያገኘሽውን ጻፊልኝ። ለአባትሽ ምን ብለሽ እንዳስረዳሻቸው ጭምር።

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ቀን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፣ ማታ በኤክስቴንሽን አካውንቲንግ እማራለሁ። ላይብረሪ ገብቼ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ደፍሬ ብሄድ በር ላይ ያለው ጥበቃ “አባት፣ ልጅ ፈልገው ነው?” አለኝ። አዎ ብዬ ተመለስኩ። ለኔ ዓይነቱ ምን ይመክራሉ?
የማታው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጥበቃው ክፋት የለበትም። በሚቀጥለው ሲሄዱ መታወቂያዎን በእጅዎ ይዘው ይግቡ፣ ኪስዎ ውስጥ አይተዉት። እኔ ሰርኩሌሽን ላይ ሳለሁ የማታ ተማሪ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር። የመጣበትን ያውቃል። ሰዓት የለውም፣ ስለዚህ አያባክንም።

ለእርስዎ የሚጠቅመው የአዳር ውሰት ነው። የሪዘርቭ መጽሐፍ ቀን ከላይብረሪው አይወጣም። በብዙ ቦታ ግን ማታ ሊዘጋ ሲል ይሰጡና ጠዋት ሲከፈት ይቀበላሉ። የቀን ተማሪው ቀኑን ሙሉ የተሻማበት መጽሐፍ ሌሊቱን የእርስዎ ነው። ከክፍል ሲወጡ አልፈው ይጠይቁ። ጠዋት ግን ከቢሮ በፊት ይመልሱ፤ ቅጣቱ በሰዓት የሚታሰብበት ቦታ አለ። ረስተውት የቀረ መጽሐፍ ደግሞ ሲመረቁ ክሊራንስ ላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ሱፍ ለብሶ፣ ቤተሰቡ ውጭ አበባ ይዞ እየጠበቀው፣ በአንድ የሂሳብ መጽሐፍ ምክንያት ሲለማመጠኝ የነበረ ሰው አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ከሆኑ ግቢው ብቻ አይደለም ያለዎት። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ “ልጅ ፈልገው ነው?” የሚልዎት የለም። ልጅዎንም ይዘው ቢሄዱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልዎ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ለመግባት እየተማርኩ ነው። የአናቶሚ መጽሐፍ ዋጋ የግማሽ ወር የቤት ኪራይ ድርሻዬ ነው። ላይብረሪ ሄጄ እንዳልጠይቅ እንግሊዝኛዬ ያሳፍረኛል።
የአናቶሚዋ

መልስ፦ እህቴ ልጅ አለችኝ፣ እዚያው ሜሪላንድ ተምራ ነርስ የሆነች። እሷ የነገረችኝንና እኔም ከሙያው የማውቀውን ልንገርሽ። እናንተ ጋ “ኮርስ ሪዘርቭ” ይሉታል። መምህሩ ወይም ኮሌጁ የክፍሉን መጽሐፍ አንድ ሁለት ኮፒ ካውንተር ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ለሁለት ሰዓት ይሰጥሻል፣ እዚያው ታነቢያለሽ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያለፈችው መጽሐፉን ሳትገዛ ነው። ሁለቱ ሰዓት ሲያልቅ መልሳ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ደግማ ትወስደው ነበር።

ኮሌጁ የሌለውን መጽሐፍ ደግሞ ከሌላ ኮሌጅ ያስመጡልሻል። ኢንተርላይብረሪ ሎን ነው ስሙ። ለተማሪ በአብዛኛው ነጻ ነው። እዚህ አገር ሆኜ በጣም የቀናሁበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ላፕቶፕም የሚያውሱ ብዙ ናቸው።

ስለ እንግሊዝኛሽ፣ ላይብረሪያኑን በቻት ወይም በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል። ጽፈሽ፣ አንብበሽ፣ አርመሽ ትልኪያለሽ። ፊት ለፊት ከሄድሽም የኮርሱን ኮድ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪ፤ ይበቃል። እዚያ ያለው ሰው ደሞዝ የሚከፈለው እንዲጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከአናቶሚ ውጭ ነው። ከአንቺ ቤት በባቡር የማይርቅ፣ ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ላይብረሪ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሁሉ የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣል። መታወቂያ ብቻ ይዘሽ ሂጂ። የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ የንባብ ክፍሉ ውስጥ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ። ማውጣት አይቻልም፣ እዚያው ማንበብ ነው። ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ አገር ቤት የናፈቀሽ ቀን ሂጂ።

ጥያቄ፦ ደብተር አስቀምጠው ቦታ ስለሚይዙት ዝም ይላሉ እንዴ? ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወንበሩ ሁሉ በደብተር ተይዟል፣ ሰው ግን የለም።
ቋሚው

መልስ፦ ልጄ፣ በደብተር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ በነጠላ፣ በካልኩሌተር፣ በግማሽ ዳቦም ተይዞ አይቻለሁ። እኛ ጋ ደንቡ 30 ደቂቃ ነበር። ከዚያ በላይ ባዶ የቆየ ወንበር ላይ ያለውን ዕቃ አንስቶ ካውንተር ማስረከብ ይቻላል። እናንተ ጋም ደንብ መኖሩን ጠይቅ። ከሌለ ለተማሪዎች ኅብረት አቅርብ። ከሰው ጋር አትጣላ።

አንድ ጊዜ የፈተና ሰሞን፣ በመስኮቱ በኩል ያለች አንዲት ወንበር በደብተር ተይዛ ከጠዋት እስከ ምሳ ባዶዋን ዋለች። ደብተሩን አነሳሁና ካውንተር አስቀመጥኩት። ባለቤቱ የመጣው በሳምንቱ ነው።

“የምን ደብተር ነው?” አልኩት።

“የማክሮ ኢኮኖሚክስ” አለኝ።

የሱ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ከፈትኩት። ከሽፋኑ ሥር አንድ ቃል አልተጻፈበትም።